«ጦሳ» በስንት ፊደል ይጻፋል?

ወላይታ፣ ቤሌ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ፍላሻቸው አልከፈት ሲላቸው ወደ እኔ ይልካሉ። ሙያዬ ማስተማር ነው፤ ኮምፒውተሩ የቤት ነገር ነው። ከትምህርት ቤት መልስ የጓሮዬን እንሰትና ቡና አያለሁ። ራት ተበልቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ልጆች ሲተኙ፣ መብራት ካለ ሳሎን ጥግ ያለችውን አሮጌ ዴስክቶፕ እከፍታለሁ። ሥራዬ በቆየ ፎንት የተተየቡ የወላይትኛ መዝሙሮችን ዛሬ ሰው በስልኩ ሊያነባቸው ወደሚችል ጽሑፍ መመለስ ነው። እምነቴና የኮምፒውተር ፍቅሬ የሚገናኙት እዚህ ጋ ነው። እሁድ ብቻ አልነካትም።

መዝሙር ለእኛ አገር ሰው ትልቅ ነገር ነው። የወንጌል መልእክተኞች ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት ምእመናን ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ነው። በመካከሉ መጽሐፉ ጥቂት፣ ማንበብ የሚችለውም ጥቂት ነበር። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በወላይትኛ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እስከዚያ ድረስ ቃሉ ብዙ ቤት የገባው በዜማ ተሸክመው ባደረሱት ሰዎች አፍ ነው። አንድ ስንኝ ሲጠፋ የሚጠፋው ወረቀት ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ማሽኗ ራሷ እንክብካቤ ትፈልጋለች። አልነሳም ብላ ጢጥ ጢጥ ስትል መጀመሪያ የማደርገው ራሙን ነቅዬ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ቀስ እያደረግሁ ማሸት ነው፤ ብዙ ጊዜ ይበቃታል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ስትሞት ኮምፒውተሩ በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ትናንት የሠራሁት ፋይል የዛሬ ሃያ ዓመት የተሠራ ይመስላል፤ የታረመውን ካልታረመው መለየት ያቅታል። ስለዚህ በማሽኑ ቀን አልተማመንም። በፋይሉ ስም ላይ በእኛው አቆጣጠር ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በቁጥር እጽፋለሁ። ዓመቱ ከፊት ከሆነ ፋይሎቹ ራሳቸው በተርታ ይሰለፋሉ።

አሁን ወደ ፊደሉ ልግባ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በሦስተኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት እኛ ጋ የተሠራባቸው፣ ፊደላችንን የሚያኖሩት በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነበር። ፎንቱ እስካለ ድረስ «ሀ» ይታያል፤ ፎንቱ ሲጠፋ የላቲን ፊደል፣ የፐርሰንት ምልክትና ሰረዝ የተደባለቀበት ገጽ ይመጣል። ያንን ያየ ሰው «ቫይረስ በላው» ብሎ ይሰርዘዋል። አልተበላም፤ እያንዳንዱ ምልክት አንድ ፊደል ይዞ ተቀምጧል።

ችግሩ የወንበሩ ቁጥር ነው። በዚያ አሠራር አንድ ፎንት ያለው ቦታ 256 ነው፤ ከዚያም የተወሰነው ለኮምፒውተሩ የራሱ ትእዛዝ የተያዘ ነው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ እነ «ሏ» እና «ቋ»፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልገቡም። ስለዚህ አንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ ደግሞ አንዱን ፊደል ከግንድና ከቅጥያ፣ ከሁለት ምልክት አጋጥሞ ሠራው። ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው እንደሆነ ነው። ከዚያ ሰንጠረዥ እሠራለሁ፦ በግራ የድሮው ምልክት፣ በቀኝ እውነተኛው ፊደል። ቀሪውን ዎርድ ላይ ያለው «ፈልግና ተካ» ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ አለ፤ በከባድ ዋጋ ነው የተማርኩት። ከሁለት ምልክት የተሠሩት ፊደላት መቀየር ያለባቸው መጀመሪያ ነው። ነጠላውን ካስቀደምክ ግንዱ ብቻውን ወደ ሌላ ፊደል ይቀየርና ቅጥያው ሜዳ ላይ ይቀራል። በመጀመሪያው ዓመት ይህንን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ጥራዝ አስኬድኩ፤ ያም ሳይበቃ በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁ። ወደ ሰባ የሚጠጉ መዝሙሮች ነበሩበት። ጎደሎዎቹን ከሚያስታውሱ ሰዎች አፍ ለመሙላት አንድ ክረምት ፈጀብኝ፤ ሦስቱን እስከ ዛሬ አላገኘኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ፋይል ቀድቼ ሌላ ቦታ ሳላስቀምጥ አንድ ፊደል አልነካም።

ነጥቦቹንም አያለሁ። የድሮ ታይፒስቶች አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት ነበር የሚሠሩት፤ ብዙ ሰው ዛሬም በስልኩ እንዲሁ ያደርጋል። ለዓይን አንድ ይመስላል። ለማሽኑ ግን ሁለት የቃል መለያ ነው እንጂ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አይደለም፤ መስመሩ መሐል ላይ ሲደርስም አንዱ እዚህ፣ ሌላው ታች ይወድቃል። ሁሉንም ወደ ትክክለኛው «።» እመልሳቸዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለው የማሽን ሥራ ነው። ወላይትኛ ሲሆን ግን ከዚህ በኋላ ሌላ መንገድ አለ፤ ከባዱም እሱ ነው። ቋንቋችን በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ትምህርት ከተሰጠባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ ያኔ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ዛሬ ልጆቻችን ክፍል ውስጥ የሚማሩት በላቲን ነው። ይህ አገር በጽሑፉ ጉዳይ አይቀልድም፤ በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ደባልቆ የተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ በተነሣው ተቃውሞ ሰው ሞቷል። መጽሐፉ ተሰብስቦ ወላይታም በማግሥቱ ዓመት ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ስለዚህ የአባቶቹን መዝሙር ለልጆቹ ሳደርስ በሁለቱም ፊደል ጎን ለጎን እጽፈዋለሁ።

ከግዕዙ ወደ ላቲኑ ግን ሰንጠረዥ አይሠራም። የአማርኛ አንባቢ ነገሩን ያውቀዋል፦ «አለ» ተብሎ የተጻፈውን «ተናገረ» ብለን እናንብበው ወይስ «ይገኛል» ብለን፣ ሲጠብቅና ሲላላ እንጂ ሲጻፍ አይታወቅም። ወላይትኛ ላይ ከመጥበቁ ሌላ የአናባቢው መርዘምም አለ። እግዚአብሔርን «ጦሳ» እንለዋለን፤ በግዕዝ ሁለት ፊደል ነው። በላቲን ሰባት ነው፦ ለ«ጥ» ድምፅ ኤክስ፣ ከዚያ ሁለት ኦ፣ ሁለት ኤስ፣ ሁለት ኤ። «ወላይታ» የሚለው ስማችንም ቢሆን «ታ»ው ይጠብቃል፤ በላቲን ሁለት ቲ ይዞ ይጻፋል፤ በግዕዙ ገጽ ላይ ግን ምልክት የለውም። ኮምፒውተሬ የትኛው እንደሚረዝም ከየት ያውቃል?

የሚያውቁት ጋሼ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲዘምሩ የኖሩ አባት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ይመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ «ሳሮ» ተባብለን እንቀመጣለን። እኔ የተቀየረውን ስንኝ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ስሳሳት አያርሙኝም፤ ይዘምሩታል። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታል፤ አናባቢው ሲረዝም እጁ አየር ላይ ይቆያል፤ ተነባቢው ሲጠብቅ ጉልበታቸውን ጫን ያደርጉታል። እኔ እጃቸውን እያየሁ እጽፋለሁ። እጁ ከቆየ ሁለት፣ ካልቆየ አንድ።

አንድ ጊዜ የትየባ ስህተት የመሰለኝን ቃል አስተካክዬ አነበብኩላቸው። ዝም አሉ። ደግሜ አነበብኩ። «ልጄ፣ እሱ ቃል የእናቴ ነው» አሉኝ። በኪንዶ በኩል ቀድሞ ይባል የነበረ፣ የእኔ ዕድሜ ሰው የተወው ቃል ኖሯል። ወዲያው መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልገባኝን ቃል ቀለም ቀብቼ አስቀምጠዋለሁ እንጂ አልነካውም። ይህ ለእኔ የሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያንን ስንኝ በችግር ቀን ያወጣው ሰው የጸለየበት ቃል ነው፤ እኔ የመጣሁት ልጽፍለት እንጂ ላርመው አይደለም።

በአንድ ምሽት አራት መዝሙር ከሠራሁ ብዙ ነው። ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻላል፤ የተጣደፈ እጅ ያበላሸውን የሚያስታውስ ሰው ነገ ላይኖር ይችላል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ በቤታችሁም ሆነ በአጥቢያችሁ የቆየ ፍላሽ፣ ሲዲ ወይም ሃርድ ዲስክ ካለ አትጣሉት። ሲከፈት ዝብርቅርቅ ቢያሳያችሁ አትሰርዙት፤ ባዶ ቢመስልም ፎርማት አታድርጉት፤ ፋይሉ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡት። ከዚያ በፊት ግን ዜማውን የሚያውቁት እናትና አባት ካሉ፣ ዛሬ ሂዱና በስልካችሁ ቅረጿቸው። ፊደሉን በኋላ መመለስ ይቻላል።