ፊደል መቍጠርና ማንበብ፤ ስለ ሆሞሻ ሕፃናት የንባብ ትምህርት የቀረበ ሒስ

በአገራችን ልማድ «ልጁ ፊደል ቈጠረ» ማለት «ልጁ ተማረ» ከማለት ጋራ እኩል ሆኖ ይነገራል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው፥ ይህ አባባል ከአሶሳ በስተ ሰሜን በምትገኘው በሆሞሻ፥ በቤቱ በርትኛ እየተናገረ ለሚያድግ ሕፃን ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ነው። የምንነቅፈው መምህሩን ሳይሆን መምህሩ የወረሰውን ዘዴ ነው።

ዘዴው የታወቀ ነው። መምህሩ በዘንግ እያመለከተ «ሀ ሁ ሂ» ይላል፤ ክፍሉም በአንድ ድምፅ ይከተለዋል። ይህ ከቤተ ክህነት ትምህርት ቤት የመጣ ነው፤ በእንጨት ሰሌዳ ላይ እየተጻፈ በቃል የሚጠናው የቍርኣን ትምህርትም ከዚህ የራቀ አይደለም። የጥንቱ ትምህርት ግን ለዓላማው የተስማማ ነበር። ተማሪው አስቀድሞ ንባቡን ይለማመዳል፥ ዳዊት ይደግማል፤ ትርጓሜው በላይኛው ጉባኤ ቤት ይጠብቀዋል። ዘመናዊው ትምህርት ቤት የወረሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጁ ሒሳቡንም ሳይንሱንም አንብቦ እንዲረዳ ይጠይቀዋል፤ ትርጓሜውን የሚያስተምርበት ጉባኤ ግን የለውም።

ፊደላችን ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ የሚመች መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ፊደሉ የማያሳየው ነገር አለ፤ እርሱም መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፥ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው፤ «ገና»ም ሲላላ ጊዜን፥ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል። የደብረ ማርቆስ ልጅ ይህን የሚለየው ከገጹ ላይ አይቶ ሳይሆን ከእናቱ አፍ በሰማው ንግግር ነው። በርትኛ ብቻ እየሰማ ያደገው የሆሞሻ ልጅ ይህ ስንቅ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች አንድ መጽሐፍ ቢይዙም ሥራቸው አንድ አይደለም፤ አንደኛው የሚያውቀውን ቋንቋ ተጽፎ ሲያገኘው፥ ሁለተኛው ቋንቋውንም ጽሕፈቱንም በአንድ ጊዜ ይማራል።

በ2002 ዓ.ም. በስድስት ቋንቋዎች የተደረገው የንባብ ችሎታ ምርመራ የነገሩን ክብደት ያሳያል። ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34ቱ ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም፤ ከመቶ 48ቱ ደግሞ ስለ ታሪኩ አንድ ጥያቄ እንኳ በትክክል አልመለሱም። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ድምፁን እያሰሙ ትርጕሙን ያልያዙ ናቸው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልጆች የተመረመሩትም በአማርኛ ነበር።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቅዷል። ፈቃድ ግን መጽሐፍ አይሆንም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ሲደርስ በርትኛ አልነበረበትም፤ ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ በውጭ እርዳታ በ7 ቋንቋዎች የንባብ መጻሕፍት ሲዘጋጁም ቀርቷል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ከክልሉ ሕዝብ ሩብ ያህሉ በርታ እንደ ነበረ ስናስብ፥ ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም። ዘግይቶም ቢሆን ለበርትኛ በላቲን ፊደል የአጻጻፍ ሥርዓት ወጥቶለታል፤ መዝገበ ቃላትም ታትሟል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። በላቲን ፊደል የጀመረ ልጅ ወደ አማርኛ ሲሻገር ከ200 የሚበልጡ ሆሄያት ይጠብቁታል፤ አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ በመሆኑም ወላጆች ልጃቸው ቶሎ እንዲያውቀው መሻታቸው ተገቢ ነው። ተቃውሞውን አናቃልለውም። ሆኖም ሆሄያት እንደ ቋንቋው ሁለት ጊዜ ቢጠኑም፥ ጽሕፈት ንግግርን እንደሚይዝ ማስተዋል የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው፤ የሚገኘውም ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ነው። አማርኛውም መጀመሪያ በአፍ፥ ቀጥሎ በፊደል ቢሰጠው ሸክሙ ይከፈላል።

ስለዚህ ለትምህርት ጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን የምናቀርበው ሐሳብ መለኪያው እንዲለወጥ ነው። ልጁ ገበታውን በዜማ መወጣቱ አይበቃም፤ ያልሸመደደውን አጭር ጽሑፍ ያንብብ፥ ከዚያም ምን እንዳለ በበርትኛ ይንገረን። መምህሩ በርትኛ የማይሰማ እንደ ሆነም፥ ጉድለቱ ከልጁ አስቀድሞ በመምህራን ማሠልጠኛው ይፈለግ።