ከደመና የምትወርድ ነፃነት፤ ስለ ቀራጺው ጁሴፔ ቼራኪ

አንድ የኪነ ጥበብ ሰው በልቡ ለአብዮት ያደረ እንደሆነ፣ የሚቀርጸው እምነ በረድም አብዮታዊ ይሆናልን? የጁሴፔ ቼራኪ ሕይወት ይህን ጥያቄ በቀላሉ እንዳናልፈው ያስገድደናል።

ቼራኪ እ.ኤ.አ. በ1751 ሮም ተወለደ። በሃያዎቹ ዕድሜው ለንደን ገብቶ የሠዓሊውን የጆሽዋ ሬይኖልድስን ምስል ቀረጸ፤ ለመኳንንትም ሠራ። በ1780ዎቹ የኔዘርላንድ ሪፐብሊካውያን ለታጋያቸው ለፋን ደር ካፔለን መታሰቢያ እንዲሠራ አዘዙት። በ1787 ግን የፕሩሲያ ጦር ንቅናቄያቸውን ደመሰሰ። ሐውልቱ ኔዘርላንድን ሳያይ፣ ምስሎቹ ሮም ቀርተው የቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ጌጥ ሆኑ።

ይህ ተስፋ አላስቆረጠውም። በ1791 አዲሲቷን ሪፐብሊክ ፍለጋ ወደ ፊላደልፊያ ተሻገረ፤ የዋሽንግተንን፣ የጄፈርሰንንና የሃሚልተንን ፊት በሸክላ አበጀ። ሃሚልተንን እንደ ጥንት የሮማ ሹም አድርጎ የቀረጸበት ሥራ፣ በእኛ ግምት፣ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው፤ ልብሱ የተውሶ ቢሆንም ሰውየው ሕያው ነው። (ሃሚልተን በ1796 የተጠየቀውን 620 ዶላር የከፈለው በይሉኝታ እንደሆነ በሒሳብ መዝገቡ ላይ አስፍሯል።)

የቼራኪ ሕልም ግን ከዚህ የገዘፈ ነበር፤ 100 ጫማ ከፍታ ያለው የነፃነት ሐውልት። ኮንግረስ አልፈቀደም። በ1795 ለሥራው የሚያስፈልገውን 30,000 ዶላር በመዋጮ ለማሰባሰብ የተደረገውም ሙከራ ከሸፈ። ታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋቱን በገንዘብ እጦት ላይ ይጥላሉ፤ እኛ ግን ንድፉን ራሱን እንመርምር። የነፃነት አምላክ አራት ፈረሶች በሚስቡት ሠረገላ ደመናውን ሰንጥቃ ትወርዳለች። ከላይ የምትሰጥ ነፃነት! በሌክሲንግተን ጠመንጃውን ያነሣው ገበሬ የዚህ ሐውልት ምሰሶ አይደለም። ቀራጺው አዲሱን ሐሳብ የተናገረው ቤተ መንግሥት ባሠለጠነው አንደበት ነበር።

በ1798 በተመሠረተችው የሮማ ሪፐብሊክ ተካፈለ፤ ሪፐብሊኳ ስትወድቅ ፓሪስ ገባ። ቀደም ሲል ምስሉን የቀረጸለት ቦናፓርት በ1799 ሥልጣኑን ሲጠቀልል ቼራኪ እንደ ከሃዲ ቆጠረው። በጥቅምት 1800 የመጀመሪያውን ቆንስል በኦፔራ ቤት በጩቤ ለመግደል አሢረዋል ተብለው ከተያዙት አንዱ እርሱ ነበር። በጥቂቶቹ መካከል የፖሊስ ሰላይ ገብቶ ስለነበር፣ የሴራው እውነተኛ መጠን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሠረገላዋና ጩቤው የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው ብንል ግን አናጋንንም፤ በሁለቱም ውስጥ ሕዝቡ ተመልካች ነው።

ጥር 30 ቀን 1801 ከሠዓሊው ቶፒኖ-ለብረን ጋር በጊዮቲን ተቀላ። በሮማ ቄሣር ልብስ፣ ራሱ በነደፈው ሠረገላ ሄደ የሚለው ወሬ ተረት መሆኑ አያጠራጥርም፤ ተረት ፈጣሪዎቹ ግን ሥራዎቹን በሚገባ የተመለከቱ ይመስላል። የጄፈርሰን ምስል በ1851 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ቃጠሎ ጠፋ። ለነፃነት የታሰበው ሐውልት አንድም ድንጋይ አልተነሣለትም።