የተናጋሪው ስፍራ

ስለ አንድ ሕዝብ የሚጻፍ መጽሐፍም ሆነ የሚቀረጽ ፊልም በውበቱና በመረጃው ብዛት ብቻ ሊመዘን አይገባውም። ቃሉን የሰጠው ሰው በሥራው ውስጥ ምን ስፍራ እንዳገኘ መጠየቅም የሂስ ተግባር ነው።

ከመልካሳ ቁልቁል አዋሽን ተከትሎ ወደ መተሐራ የሚወርድ ጥናት ሠሪ ወይም ጋዜጠኛ ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ በ1960 የቆቃ ግድብ የወንዙን ውሃ ለሰፋፊ እርሻዎች አመቻቸ፤ በ1966 የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ የመተሐራ የሸንኮራ እርሻም ተስፋፋ። የከረዩ አርብቶ አደሮች የበጋ ግጦሻቸውን በአብዛኛው ያጡት በፓርኩና በእርሻው ምክንያት ነው። አያሌው ገብሬ በ2001 ባወጡት ሰፊ ጥናት ይህን የመሬት መነጠቅ ከ1941 ጀምሮ ተከታትለውታል። እንዲህ ባለ አገር «ስንት ከብት አለህ?» ብሎ ወሬ የሚጀምር እንግዳ በጥርጣሬ ቢታይ አይደንቅም። የተጠያቂው ዝምታ ካየው የተማረው ጥንቃቄ እንጂ አላዋቂነት አይደለም።

ይህ ዝምታ እንዴት እንደሚፈታ የሚያሳይ ሥራ ከወደ ደቡብ ኦሞ ተገኝቷል። ጂን ላይዳልና ኢቮ ስትሬከር ከ1970 ጀምሮ በሐመር ኖረው በ1979 ሦስት ቅጾች አሳተሙ። የመጀመሪያው የራሳቸው የሥራ ማስታወሻ ነው፤ በሁለተኛው ባልዳምቤ የተባለው ሐመር የሕዝቡን ኑሮ በራሱ አንደበት ይተርካል፤ ሦስተኛው በዳምባይቲ መንደር የተደረጉ ጭውውቶችን ይዟል። ባልዳምቤ እዚህ ስሙ ተሰውሮ «መረጃ ሰጪ» አልተባለም፤ ተራኪ ሆኗል። ሮበርት ጋርድነር በ1974 ያወጣው «የአሸዋ ወንዞች» ፊልም ግን፣ ምስሉ ቢማርክም፣ ወንዶች በሴቶች ላይ ያላቸውን የበላይነት ሲያሳይ የፊልም ሠሪው ሐሳብ ከተናጋሪዎቹ ቃል ጎልቶ ይወጣል። በሥራው የተባበሩት ላይዳልና ስትሬከርም በኋላ በጽሑፍ ነቅፈውታል። ላይዳል በ2001 ከልጃቸው ከካይራ ጋር «የዱካ ጭንቀት»ን ሲያቀርቡ በአንጻሩ ሴቲቱ የቤቷን ጉዳይ ለሠላሳ ዓመት ወዳጅ የምታወራ ያህል ትናገራለች።

የሦስቱ ቅጾች ጉድለት ቋንቋቸው ነው። በእንግሊዝኛ በመታተማቸው ቃሉን ከሰጠው መንደር ርቀዋል። በአዋሽ ሸለቆ የሚሠራ ሰው ከብርታታቸው ትዕግሥትን፣ ከጉድለታቸው ደግሞ የመመለስን ግዴታ ሊማር ይገባል። የጻፈውን ከማሳተሙ በፊት ለተናጋሪዎቹ በአፋን ኦሮሞ ያንብብላቸው፤ እርማታቸውን ይቀበል፤ የተነጠቀውን መሬት ማስመለስ እንደማይችልም አስቀድሞ ይንገራቸው። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ጸሐፊ የሚቀበል ደጅ አይገኝም።