የሕዝቅኤል መንኰራኵርና የጠፈር መንኮራኩር

ሰው ሠርቶ ወደ ጠፈር ለሚያመጥቀው መጓጓዣ ስም ባስፈለገ ጊዜ አማርኛ ከባዕድ ቋንቋ ብድር አልጠየቀም። የሠረገላ እግር ማለት የሆነውንና በነቢዩ ሕዝቅኤል ራእይ ውስጥ የምናነበውን «መንኰራኵር» የተባለ ጥንታዊ ቃል አንሥቶ አዲስ ተግባር ሰጠው። ሕያው ቋንቋ ወደ ፊት የሚራመደው በዚህ ዓይነት ነው፤ አሮጌውን ቃል ለአዲሱ ነገር ያውላል። ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ የሚጓዙ ጸሐፊዎች ግን አሉ። እነርሱ ነቢዩ ያየው መንኰራኵር ራሱ የጠፈር መጓጓዣ ነበር ይሉናል።

ከእነዚህ ጸሐፊዎች መካከል ስሙ የገነነው ስዊዘርላንዳዊው ኤሪክ ፎን ዴኒከን ነው። በ1968 በጀርመንኛ የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝኛ ሲወጣ «የአማልክት ሠረገሎች?» ተባለ። ፍሬ ነገሩ፣ በጥንት ዘመን ከሌላ ዓለም የመጡ ጠፈርተኞች ምድርን ጎብኝተዋል፤ የጥንት ሰዎች አማልክት ያሏቸው እነርሱን ነው፤ በታላላቆቹ ሕንጻዎች ላይም እጃቸው አለበት የሚል ነው። በዚህ አነባበብ የሕዝቅኤል ራእይ የመንኮራኩር ማረፍ፣ ታቦተ ሕጉም የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይሆናል።

መጽሐፉን በአንድ ቃል ማጣጣል ፍትሐዊ አይሆንም። በጥንታውያን ሥራ መደነቅን በብዙ አንባብያን ዘንድ ቀስቅሷል፤ በሌላ ዓለም ሕይወት ይኖር ይሆን ብሎ መጠየቅም የሚያስነቅፍ አይደለም። ጉድለቱ ያለው በአነባበቡ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት፣ ደራሲው በጥንቱ ሥራ ውስጥ የሚያየው የራሱን ዘመን ብቻ መሆኑ ነው። በሜክሲኮ፣ በፓሌንኬ፣ በ1952 የተከፈተውን የንጉሥ ፓካልን መቃብር እንመልከት። በክዳኑ ላይ የተቀረጸው ምስል የማያ ሕዝብ ስለ ሞትና ስለ ዳግም ልደት የነበረውን እምነት ያሳያል፤ ንጉሡ በሙታን ዓለም አፍ ላይ ሲሆን ከበላዩ የዓለም ዛፍ ቆሟል። ዴኒከን ግን ምስሉን አግድም ያጋድመውና ከኋላው እሳት የሚተፋ ሮኬት የሚነዳ ሰው ያይበታል። ከሩቅ ኮከብ መጣ የተባለው መንገደኛ በ1960ዎቹ ጋዜጦች ላይ ፎቶግራፉ ይወጣ ከነበረው ጠፈርተኛ ጋር መመሳሰሉ ሊያስጠረጥረን ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት እኛን በቅርብ ይመለከታል። ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ የደረሰን መጽሐፈ ሄኖክ የዚህ ወገን ጸሐፊዎች ዘወትር የሚጠሩት ምስክር ነው። ሄኖክ ወደ ሰማይ ወጥቶ ምሥጢር አይቷልና በመንኮራኩር ተጉዟል ይላሉ። ነገር ግን መጽሐፉ ስለ ብርሃናት በሚናገርበት ክፍል ፀሐይ በምሥራቅ በስድስት በሮች ወጥታ በምዕራብ በስድስት በሮች እንደምትገባ ይዘረዝርና የዓመቱን ርዝመት 364 ቀን ያደርገዋል። እውነተኛው ዓመት ከዚህ በአንድ ቀንና በሩብ ገደማ ይበልጣል። በከዋክብት መካከል መንገድ የሚያውቅ መምህር ይህን ባልሳተ ነበር። 364 ግን ልክ 52 ሳምንት ነው፤ ጀንበርን በዓይኑ የተከተለና ሰንበትን ከዓመት ጋር ለማስማማት የደከመ የሰው ልጅ አሻራ አለበት።

ዴኒከን በ1979 ባወጣው ሌላ መጽሐፉ ክብረ ነገሥትንም ይጠቅሳል። በዚያ ትረካ ምኒልክና ተከታዮቹ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሲመለሱ ሠረገሎቻቸው ከምድር ከፍ ብለው የ13 ቀን ጎዳና በአንድ ቀን ይፈጽማሉ። ይህ ፍጥነት ጽዮን ፈቅዳ መሄዷን ለማስረዳት የቆመ ምልክት ነው። ምልክቱን በሞተር የለወጠ ሰው የድርሰቱን ሐሳብ ጥሎ ዕቃውን ብቻ ይዞ ይሄዳል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት የሰውን ድካም መካዱ ነው። በ2013 በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዋዲ አልጀርፍ፣ ከተገኙት ፓፒረሶች መካከል መረር የተባለ የሥራ አለቃ የዕለት መዝገብ ይገኛል። ለንጉሥ ኩፉ ፒራሚድ ከቱራ የኖራ ድንጋይ በጀልባ እየጫነ ወደ ጊዛ ያመላለሰበት፣ ቀን በቀን ተጽፎ ተቀምጧል። 4,500 ዓመት ያህል የቆየው ይህ ደረቅ መዝገብ ከዴኒከን ገጾች ሁሉ የበለጠ ያስደንቃል። ሠሪውን የመካድ ልማድ በአፍሪካ ላይ ያስከተለውንም እናውቃለን። ጀርመናዊው ካርል ማውክ በ1871 የታላቋን ዚምባብዌ የድንጋይ ሕንጻ ከንግሥተ ሳባ ጋር አያያዘው፤ በ1905 የራንዳል ማካይቨር ጥናት የአገሩ ሰዎች ሥራ መሆኑን ቢያሳይም የቅኝ ገዢዎቹ ወገን ለብዙ ዓመታት ሲክደው ኖሯል።

ስለ ላሊበላ የሚነገረው አፈ ታሪካችን ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ቋጥኙን እንደ ፈለፈሉት ይናገራል። ይህ አፈ ታሪክ መላእክቱን ሲያከብር ቀኑን ለሠራተኛው ትቶለታል። የጠፈርተኞቹ ተረት ግን ቀኑንም ሌሊቱንም ይወስዳል። ከእኛ መካከል ይህን ተረት እንደ ምስጋና ቆጥሮ የሚደግም ሰው ቢገኝ፣ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ እንደሚዘርፍ ይቆጠራል።

ወደ ኋላ የሚመለከተው ይህ ችኮላ ወደ ፊት የሚመለከት መንትያ አለው፤ እርሱም ትንቢት ነው። በዚያው በ1968 ስታንሊ ኩብሪክ ከደራሲው አርተር ክላርክ ጋር ያዘጋጀው «2001» የተሰኘ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። በፊልሙ ከሌላ ዓለም የመጣ ጥቁር ዓምድ ጥንታዊውን ፍጡር መሣሪያ ለማንሣት ሲያበቃው እናያለን፤ ሐሳቡ የዴኒከን ዘመድ ነው። ሆኖም ፊልሙ ድርሰት መሆኑን አይሸሽግም፤ ኪነ ጥበብ ይህ ነጻነት አለው፤ ማስረጃ ነኝ የሚል መጽሐፍ ግን የለውም። የሚያስወቅሰው፣ በ2001 በጨረቃ ላይ ሰፈር ይኖራል፣ ሰውም ወደ ጁፒተር ይጓዛል የሚለውን የድርሰት ግምት እንደ ቀጠሮ የተቀበለ ተመልካች ነው። ሊቃውንቱም ከዚህ ችኮላ አላመለጡም፤ በነሐሴ 1969 ቨርነር ፎን ብራውን ሰውን በ1982 በማርስ ላይ የሚያሳርፍ ዕቅድ አቅርቦ ነበር።

የሆነው ሌላ ነው። በታኅሣሥ 1972 የአፖሎ 17 ጠፈርተኞች ጨረቃን ለቀው ከተመለሱ በኋላ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ የሰው እግር ያን አፈር አልረገጠም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ በ1966 ከአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ወጪ ከ4 በመቶ በላይ የነበረው የጠፈር ድርጅቱ በጀት በ1975 ወደ 1 በመቶ ገደማ ወርዷል። ርቀቱም ራሱ ይናገራል። በ1977 የተላከችው ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ብትጓዝም፣ ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነውን ኮከብ ርቀት ያህል ለመሄድ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ይህን አኀዝ ያወቀ ሰው የከዋክብትን ጉዞ እንደ ጎረቤት ጥየቃ አይቆጥረውም፤ የሰው ልጅ ጨረቃን ለመርገጥ የከፈለውን ድካም ግን ይበልጥ ያከብራል።

እንግዲህ ሠዓሊውና ደራሲው በአፈ ታሪክ ይጠቀሙ፤ ሀብታቸው ነው። መምህሩም የሄኖክን በሮችና የምኒልክን ሠረገሎች ለተማሪዎቹ ያንብብላቸው፤ ምን ለማለት እንደ ተጻፉም ያስረዳቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ላሊበላን ማን ሠራው ብሎ በጠየቀ ጊዜ ግን ወደ ሰማይ ከማመልከቱ በፊት ግድግዳው ላይ ያለውን የመሮ ምልክት ያሳየው።