በቦርደዴ የተጠየቅነው ጥያቄ

ስለ ዘፈንና ስለ ዘፋኞች በሚጻፈው ነገር ላይ አንድ አስተያየት ለመስጠት ካሰብን ቈይተናል። ነገር ግን የሌላውን ጉድለት ከመቍጠር በፊት የራስን መመርመር ተገቢ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የምንነቅፈው የገዛ እጃችንን ጽሑፍ ነው። ለዚህ ያነሣሣን ባለፈው በጋ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ጭሮ ስንሄድ በመንገድ የገጠመን ነገር ነው።

ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ ሙቀቷ የበረታ ትንሽ የቈላ ከተማ ናት። ወደ ሐረርጌ ደጋ የሚወጣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ በመስኮት አይቷት ያልፋል እንጂ አይወርድባትም። እኛም የአውቶቡሳችን ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ እንደ ሌላው አይተናት ባለፍን ነበር። ጎማው እስኪለወጥ ድረስ ከአንዲት ሻይ ቤት ዳስ ሥር ተቀመጥን፤ ከውስጥ የዓሊ ቢራ ዘፈን ይሰማ ነበር።

የምናውቀውን ማሳየት ስለምንወድ፥ አጠገባችን ለተቀመጠው መንገደኛ ስለ ዘፋኙ እናጫውተው ጀመር። ዓሊ መሐመድ ሙሳ በድሬዳዋ መወለዱን፥ «ቢራ» የሚለው ስም ከመጀመሪያው ዘፈኑ መምጣቱን፥ ቃሉም በኦሮምኛ የክረምቱ ዝናም የሚያባራበት ወቅት ማለት መሆኑንና በአማርኛም ሰማዩ የጠራበትን ቀን «ብራ» እንደምንል ነገርነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዳማ ባረፈ ጊዜም ስለ እርሱ ጽሑፍ ማውጣታችንን ሳንጠቅስ አላለፍንም። በዚያ ጽሑፍ፥ «ብቻውን ተነሥቶ የኦሮምኛን ዘፈን ከመድረክ ላይ አወጣው» ብለን ነበር፤ ይህንኑ ቃል ደገምንለት።

ሰባ ዓመት ያለፋቸው፥ ሽርጥ የታጠቁ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ሆነው ይሰሙን ኖሯል። «ብቻውን አልነበረም፥ ልጄ» አሉን። «እኔ ራሴ ከበሮ ተሸክሜላቸዋለሁ።»

እንደ ነገሩን፥ በልጅነታቸው በድሬዳዋ ሳሉ ወጣቶቹ ዘፋኞች በሠርግ ቤት ሲጠሩ ከበሮውን የሚያደርሱትና ሲነጋ የሚመልሱት እርሳቸው ነበሩ። ከዓሊ ጋራ ወዳጅ ነበርሁ አላሉም፤ ዘፍኜም አላውቅም አሉ። ካወጉን ሁሉ የበዛው ስለ ከበሮው ክብደት፥ በሌሊት ስለሚደረገው ጉዞና ሙሽራው ቤት ስለሚሰጣቸው እራት ነው። ከዚያም ከውስጥ ወደሚሰማው ዘፈን በከዘራቸው እያመለከቱ፥ «የዚህን ግጥም የሰጠው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። አናውቅም ነበር። «ዜማውንስ?» አሉ። ያንንም አናውቅም። ዘፈኑን ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል።

እርግጥ ነው፥ በዝነኛ ሰው ጥላ ሥር መጠጋት የሚወድ ብዙ ነው፤ አንድ ታላቅ ዘፋኝ በሞተ ማግስት አብሮ አደጉ ነኝ የማይል የለም። የሽማግሌውን ቃል የምናረጋግጥበት ማስረጃ በእጃችን የለም። ስለዚህም የጠሩልንን የግጥም ደራሲዎች ስም በአንድ ሰው ቃል ብቻ ከዚህ ላይ ማተም አልወደድንም። ይሁን እንጂ ሰውየው ከበሮ ተሸክመው ባያውቁ እንኳ ጥያቄያቸው ጥያቄ መሆኑ አይቀርም።

በማስረጃ የሚታወቀውም ቢሆን የሚደግፈው የእርሳቸውን አነጋገር እንጂ የእኛን ጽሑፍ አይደለም። ዓሊ ቢራ ገና በለጋ ዕድሜው የዘፈነው በ1950ዎቹ ዓ.ም. በድሬዳዋ በተቋቋመው «አፍረን ቀሎ» በተባለው ቡድን ውስጥ ነው። ስሙ አራቱ ቀሎዎች ማለት ሲሆን፥ አላ፥ ዳጋ፥ ኦቦራና ባቢሌ የተባሉትን የምሥራቅ ኦሮሞ ነገዶች ያስታውሳል። በቡድኑ ውስጥ እንደ ዓሊ ሸቦ ያሉ ሌሎች ዘፋኞች ነበሩ። ድሬዳዋም ራሷ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ሐዲድ ጋራ የተቈረቈረች፥ ኦሮሞው፥ ሶማሌው፥ ሐረሪው፥ አማራው፥ ዓረቡ ጎን ለጎን የሚኖሩባት ከተማ ናት። ዓሊ ኡድ ይዞ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፥ በሶማልኛና በአማርኛ መዝፈኑን የግል ተሰጥኦው ብቻ አድርገን ጽፈን ነበር፤ ነገር ግን ያ ሁሉ አንደበት በአንድ ሰፈር ውስጥ ባይሰማ ኖሮ ከየት ይማረው ነበር?

የእነዚያ ሰዎች ስም የጠፋው ስለ ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቡድኑ በጊዜው መንግሥት በጥርጣሬ ታይቶ መከልከሉ ነው። የተከለከለ ማኅበር መዝገብ አያኖርም፤ አባላቱም በየፊናቸው ተበታተኑ። ዓሊ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሲቀጠር ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ወደ ኋላ የቀሩት ግን እዚያው ቀሩ። ሁለተኛው ምክንያት እኛ ጸሓፊዎቹ ነን። ስለ አንድ ሰው መጻፍ ይቀልላል፤ ስለ ማኅበር መጻፍ መጠየቅንና መድከምን ይፈልጋል።

«ሕዝቡ የወደደው ድምፁን ነው፤ ከበሮ ተሸካሚው ምን አገባው?» የሚለን አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከባልንጀሮቹ ሁሉ ያ ድምፅ ተለይቶ መውጣቱን አንክድም፤ የዓሊም ክብር በዚህ አይቀነስም። ነገር ግን በቅኔ ቤታችን የሌላውን ቅኔ የሚያሰማ ሰው ቅኔው የማን እንደ ሆነ ይናገራል፤ ይህን በማድረጉ የሚጠፋበት ነገር የለም። በዘፈን ላይ ሒስ የሚጽፍ ሰው ይህን ሥርዓት ሊዘነጋው ምን ምክንያት አለው? የግጥሙን ባለቤት ሳያውቁ ግጥሙን ማመስገን፥ የዜማውን አባት ሳይጠይቁ ዜማውን ማድነቅ ውዳሴ ሊባል ይችላል፤ ሒስ ግን አይባልም።

ጎማው ተለውጦ ሾፌሩ ሲጣራ ለሽማግሌው የሻያቸውን ሒሳብ ልንከፍልላቸው ብንል እንቢ አሉ። ይህን ሁሉ ለሌላ ሰው ነግረው ያውቁ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው፥ «ማን ጠየቀኝ?» አሉን። ከሚኤሶ ወደ ጭሮ የሚወስደውን ዳገት ስንወጣ ይህ ቃል ከጆሮአችን አልጠፋም።

እንግዲህ በድሬዳዋ፥ በሐረርና በጭሮ የምትኖሩ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ በየሰፈራችሁ በዚያ ዘመን ሠርግ ያዩ፥ ከበሮ የመቱ፥ ግጥም የሰጡ ሰዎች ዛሬም አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን የብዙ ጊዜ ቀጠሮ የሚሰጥ አይደለም። ጠይቋቸው፤ የአንዱንም ቃል ከሌላው ጋራ አስተያይታችሁ ስማቸውን ጻፉ። እኛም በበኩላችን «ብቻውን» ብለን የጻፍነውን ቃል ከዛሬ ጀምሮ ሰርዘነዋል።