ራሱ የሚለጥፈው አፕ፦ ለእኛ ይሆናል ወይ?

ዛሬ የምተቸው ፊልም ወይም ዘፈን አይደለም፤ የተናገርነውን ወደ ጽሑፍ የሚቀይርልንን የስልክ አፕ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጠባያቸው አንድ የሆነ ብዙ አሉ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። እኔ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው፤ ስልክ ላይ በአማርኛ ስጽፍ ፊደሉን ፍለጋ ብቻ ያደክመኛል። በዚህ አፕ ግን ልብስ እየተኮስኩ አወራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አራት ነጥብ አያስገባም። «ደሞዝ» ያልኩትን አንዳንዴ «ደም ወዝ» ይለዋል፤ እሱም ቢሆን አልዋሸም። ስጨርስ ኮፒ ፔስት ሳልል ራሱ ይለጥፍልኛል። ሰው ሁሉ የሚወድለት ይህንን ነው። እኔ የምወቅሰውም በዚሁ ነው።

አንድ ማታ የሦስት ወር ደሞዝ እንዳልተከፈለኝ ለእህቴ ተናግሬ ጨረስኩ። አፑ ድምፁን ወደ ጽሑፍ እስኪቀይር ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያች መሃል ማዳም ከሳሎን «ሻይ» ብላ በዋትስአፕ ላከችብኝ፤ ከፈትኩት። ያ ሁሉ ብሶቴ ማዳም ሳጥን ውስጥ ዱብ አለ! መላኪያውን ስላልነካሁት ነው የተረፍኩት። ማዳም አማርኛ ባታነብም ስልኳ ይተረጉምላታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አፑ ለማን እንደምንጽፍ አያውቅም። ጽሑፉን ኮፒ ያደርግና በዚያች ሰዓት የተከፈተው መጻፊያ ላይ ይለጥፋል። የተከፈተ መጻፊያ ከሌለ ደግሞ ምንም አይመጣም፤ እኛም «ጠፋ» ብለን እንደገና እንለፈልፋለን። አልጠፋም። መጻፊያውን ጫን አድርጋችሁ ያዙና «ለጥፍ» ወይም «ፔስት» የሚለውን ንኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። ቀድማችሁ ኮፒ ያደረጋችሁት የሐዋላ ቁጥር ካለ ግን በእሱ ቦታ አዲሱ ገብቷልና ተጠንቀቁ።

ጭራሽ አልለጥፍ ካለ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ባትሪ ቆጣቢው አፑን ዘግቶት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ውስጥ «ተደራሽነት» ወይም «አክሰሲቢሊቲ» የሚባለው ፈቃድ ጠፍቶ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ይህ ፈቃድ ለመለጠፍ ብቻ አይደለም፤ አፑ ስክሪናችሁ ላይ ያለውን እንዲያነብ፣ በእናንተ ፈንታም እንዲነካ ያስችለዋል። ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ፣ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል ለተጫነ አፕ ስልኩ ይህን ፈቃድ የሚከለክለው ለዚህ ነው። ሰው በቴሌግራም ለላከላችሁ አፕ ብላችሁ ክልከላውን አታንሱ።

ፍርዴ ይኸው፦ ቢሮ ለሚውል ሰው ራሱ መለጠፉ ድካም ይቀንስለታል። ስልኳን ሌላ ሰው የሚያይባት፣ በአንድ መልእክት ሥራዋን የምታጣ ሴት ግን ያንን አጥፍታ በእጇ ብትለጥፍ ይሻላታል። ወይም የጉግልን ኪቦርድ ትሞክር፤ ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይጽፋል። ቃሉ ስትናገሩ እዚያው ፊታችሁ ስለሚወጣ የማን ሳጥን እንደሆነ ታያላችሁ።

እኔ መለጠፊያውን አጥፍቼዋለሁ። አሁንም የምናገረው ለእህቴ ነው፤ ከላይ ያለውን ስም ሳላነብ ግን አልልክም።