ከሣጥኑ ጋራ የመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃ እንደ ሆነ

ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከሩቅ ሆኖ የሐሩር አገር ናት ብሎ የገመታት እንግዳ በመጣበት ማታ ጋቢ ሲፈልግ ይገኛል፤ ከዚህችው ከተማ ተነሥቶ የካራማራን ተራራ ተሻግሮ፣ በባቢሌና በሐረር በኩል ወደ ድሬዳዋ ወርዶ፣ ከዚያም ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ቀጥሎ ሽንሌ የገባ መንገደኛ ግን በአንዲት መዓልት ጉዞ ከነፋሻ አየር ወደ ጽኑ ትኩሳት ይሸጋገራል። ይህን የአየር ጠባይ መለያየት ያስቀደምሁበት ምክንያት፣ በኮምፒውተር ጥገና ሙያዬ ዘወትር የሚቀርብልኝ ጥያቄ፣ ማለት ከፕሮሰሰሩ ጋራ በአንድ ሣጥን የመጣው ፋን ይበቃል ወይስ ሌላ ልግዛ የሚለው ጥያቄ፣ መልሱ ከዕቃው ይልቅ ዕቃው በሚቀመጥበት ቤት ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ነው።

ፕሮሰሰር የሚስበው ኤሌክትሪክ ሁሉ በፍጻሜው ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ በላዩ የተጫኑት አሉሚኒየምና ፋንም ሥራቸው ያንን ሙቀት ተቀብሎ ለክፍሉ አየር ማስረከብ ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ ከቶ አይቻላቸውም፤ የሚቻላቸው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንዳይሰፋ መጠበቅ ነው። ይህም ልዩነት፣ ሥራው ካልተለወጠና ማቀዝቀዣው ካልቆሸሸ፣ ከአገር አገር እምብዛም አይለዋወጥም። ስለዚህ በጅግጅጋ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ሥራ በበዛበት ሰዓት 75 ዲግሪ የሚያሳይ ኮምፒውተር፣ ያንኑ ሥራ እንደ ያዘ በሰኔ ቀትር 38 ዲግሪ ወደ ደረሰ የሽንሌ ክፍል ቢወሰድ፣ 50 ዲግሪ የሆነውን ልዩነቱን ይዞ 88 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ዕቃው አልተበላሸም፤ የተለወጠው ቤቱ ነው።

የከፍታም ነገር አለ። በ1,600 ሜትር ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው አየር ከመቶ 14 ወይም 15 እጅ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ፋኑ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ባይጓደልም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ ተሸክሞ የሚያወጣውም ሙቀት እንዲሁ ያንሳል። ይሁን እንጂ በርበራ ወደብ ላይ የተቀመጠ ኮምፒውተር ወፍራም አየር ስላገኘ ብቻ ከጅግጅጋው ይሻላል ማለት አይደለም፤ የከፍታው ቅዝቃዜ የአየሩን መሳሳት አብልጦ ይክሰዋልና። እኔ በዚህ ሙያ ያየሁት ሁሉ የሚያጸናልኝ፣ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በአውበሬ ለተራ የቢሮ ሥራ ከፋብሪካ የመጣው ማቀዝቀዣ በአመዛኙ የሚበቃ መሆኑን፣ በሽንሌ፣ በኤረርና በአይሻ ግን ሳይለኩ መፍረድ የማይገባ መሆኑን ነው።

አምራቾቹ የሚሰጡት ቁጥር ራሱን የቻለ ትርጓሜ ይፈልጋል። የኢንቴል ኮር አይ5-12400 በመግለጫው 65 ዋት ተብሎ ቢጻፍም፣ ማዘርቦርዱ ከፈቀደለት ኃይሉን ሁሉ ሲያወጣ እስከ 117 ዋት ሊስብ እንደሚችል ያው መግለጫ ይናገራል፤ የኤኤምዲ ራይዘን 5 3600 ደግሞ 65 ዋት ተብሎ እስከ 88 ዋት ይደርሳል። ከነዚህ ጋራ የሚመጣው አነስተኛ ማቀዝቀዣ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ያለ ጭንቀት ይሠራል፤ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ረጅም ሰዓት ሲቆይ ግን ይጮኻል፣ ይግላል። በስማቸው መጨረሻ ኬ የሚል ፊደል ያለባቸውን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች በሚመለከት፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አምራቹ ራሱ ያለ ማቀዝቀዣ ስለሚሸጣቸው፣ በነሱ ላይ ክርክር የለም።

ሙቀቱ ከወሰን ባለፈ ጊዜ፣ ማለት በአይ5-12400 100 ዲግሪ፣ በራይዘን 5 3600 95 ዲግሪ ሲደርስ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቃጠልም። ባለቤቱም የሚያየው ሙቀቱን ሳይሆን መዘግየቱን ስለ ሆነ፣ አንዱ ራም ያስጨምራል፣ ሌላው ዊንዶውሱን አስጠፍቶ እንደ ገና ያስጭናል፣ ገንዘቡም ጻማውም ያለ ፍሬ ይቀራል።

እንግዲህ ማቀዝቀዣው አይበቃም ተብሎ ከተከሰሱት ኮምፒውተሮች የሚበዙት ክሳቸው በሐሰት ነው፤ እውነተኛው ተከሳሽ አቧራ ነው። በጅላል፣ ዝናቡ ርቆ ሜዳው በደረቀ ጊዜ፣ ከሜዳው የሚነሣው ነፋስ ደቃቅ አፈር ይዞ በየሱቁና በየቢሮው ይገባል። ኬዙ ተከፍቶ ከላይ ሲታይ የፋኑ ክንፎች ጥቂት ከመጠየማቸው በቀር ንጹሕ ይመስላሉ፤ ፋኑ ተፈትቶ ከአሉሚኒየሙ ሲለይ ግን በሁለቱ መካከል አቧራና የልብስ ክር ተጠላልፎ እንደ ባና የተደመደመ ግራጫ ነገር ይገኛል፤ አንሥተው ወደ መብራት ቢያነጣጥሩት ብርሃን አያሳልፍም። ይህ በብሩሽና በብሎወር ይጸዳል፤ በብሎወሩ ጊዜ ፋኑ ከልኩ በላይ እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ይገባል። በአሉሚኒየሙና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ የተሰነጣጠቀ ከሆነ በአልኮል ተጠርጎ በመካከሉ ጥቂት አዲስ ፔስት ይደረግበታል። በኢንቴሉ ማቀዝቀዣ ላይ ያሉት አራት የፕላስቲክ ችንካሮችም በሰያፍ እየተቀያየሩ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ እስኪያሰሙ መጫን አለባቸው፤ ከአራቱ አንዱ ሳይያዝ ቢቀር አንድ ማዕዘን ስለሚነሣ፣ የማዘርቦርዱን ጀርባ ገልብጦ አራቱም ጫፎች እኩል መከፈታቸውን በዓይን ሳያረጋግጡ መዝጋት የባለሙያ ወግ አይደለም።

ከጽዳቱ በኋላ ልኬት ይከተላል። ልኬቱ የሚደረገው በማለዳ ሳይሆን ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኬዙ ተዘግቶ፣ ኮምፒውተሩም ዘወትር በሚቀመጥበት ስፍራ ሆኖ ነው። ፕሮሰሰሩን ለማስጨነቅ ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ እኔ ግን ባለቤቱ በእውነት የሚሠራውን ሥራ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠርቼ የክፍሉን ሙቀት በቴርሞሜትር፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነት ኮር ቴምፕ በሚባለው ፕሮግራም ማንበብን እመርጣለሁ፤ ማንም ሰው ሒሳብ ለማወራረድ የገዛውን ኮምፒውተር በማይሠራው ሥራ ሊፈርድበት አይገባምና። ቀጥሎ የኬዙን ጎን ከፍቼ ደግሜ አነባለሁ። ንባቡ በአሥር ዲግሪ ያህል ከወረደ ጥፋቱ የማቀዝቀዣው ሳይሆን የኬዙ ነው፤ የወጣውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል፤ ይኸውም በጠረጴዛ ሣጥን ውስጥ በተቆለፉትና የዳንቴል ልብስ በለበሱት ላይ ዘወትር የሚታይ ነው።

በበርበራ በኩል መጥተው በቶጎ ውጫሌ የሚገቡት ያገለገሉ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተሮች ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ማቀዝቀዣቸው ለኬዛቸው ተለክቶ የተሠራ ነው፤ የፋኑ መሰኪያ በብዙዎቹ ላይ ከገበያው ፋን የተለየ ስለ ሆነ፣ ሌላ ቢተከልባቸው በተነሡ ቁጥር የፋን ስሕተት ያመለክታሉ፤ ቁመቱ 16 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው እንደ ሃይፐር 212 ያለ ማቀዝቀዣ በትንንሾቹ ኬዞች ከቶ አይገባም። ለነዚህ መድኃኒታቸው ጽዳትና ፔስት ነው።

ሌላ ማቀዝቀዣ በእውነት የሚያስፈልጋቸው ሰዎችም አሉ። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ ወጣት፣ «ዋላል (ወንድሜ)፣ ፋኑ ሲጮህ ሰዓቱ ይረዝምብኛል፤ ይኸን ፋን ልቀይረው ወይስ ልተወው?» ብሎ በጠየቀኝ ጊዜ፣ ጸድቶ፣ ኬዙም ተከፍቶ፣ ንባቡ ከወሰኑ ፈቀቅ ስላላለና ፍጥነቱ እየወደቀ ስለ ሄደ፣ «ቀይረው፤ የምትከፍለው በምታተርፈው ሰዓት ይመለሳል» አልሁት። ቁርአን የሚቀዳበት ስቱዲዮም የሙቀቱ ንባብ ምንም መልካም ቢሆን፣ የፋኑ ጩኸት ከቃሪው ድምፅ ጋራ ስለሚገባ፣ ትልቅና ጸጥተኛ ማቀዝቀዣ ይገባዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለሚጽፍ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪና ደረሰኝ ለሚቆርጥ ነጋዴ ግን ይህን መሸጥ ግፍ ነው፤ ባለሙያ «ይበቃሃል» ብሎ ደንበኛውን በነጻ መመለስን ካላወቀ፣ «አይበቃህም» ያለበትም ቀን ምስክርነቱ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ አስቀድመህ ኮምፒውተርህን አስጠርግ፣ ፔስቱን አስለውጥ፣ ከግድግዳው አርቀው፤ ከዚያም በዓመቱ ሞቃት ወር፣ በቀኑ ሞቃት ሰዓት፣ የራስህን ሥራ ይዞ ሳለ አስለካው። ከ85 ዲግሪ በታች ከዋለ ያለህ ይበቃሃል፤ ከ90 በላይ ወጥቶ ፍጥነቱ ከወደቀ ሌላ ግዛ፤ በሁለቱ መካከል ከሆነ የሚቀጥለው ጅላል ሲያልፍ እንደ ገና አስጠርገህ ደግመህ አስለካ።